ትኩሳቱ የመጣው መቼ ነው?

ስለ ክትባት ሰው ሰብስቦ የሚያስተምር ሁሉ ማለት ይቻላል ንግግሩን ከጥቅሙ ይጀምራል። ክትባት ከበሽታ ይጠብቃል፣ ሕፃናትን ከሞት ያድናል ይባላል፤ የተሰበሰቡት እናቶችም «እውነት ነው» ብለው ይስማማሉ። የሚስማሙትም ከልባቸው ነው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው የአገራችን ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ፔንታ ከተባለው ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት የመጀመሪያውን ወስደው ተገኝተዋል። ሦስተኛውን የወሰዱት ግን ከአሥሩ ስድስቱ ያህል ብቻ ነበሩ። በመካከል የቀሩት ልጆች እናቶች ክትባት የሚጠሉ አይደሉም። ልጃቸውን አዝለው፣ ፀሐዩን ችለው፣ ወረፋ ጠብቀው አስከትበዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሆነና ሳይመለሱ ቀሩ።

ያ ነገር በየቤቱ ይለያያል። የመንገዱ ርቀት አለ፣ አጨዳ አለ፣ የታመመ ሌላ ልጅ አለ። በንግግር ብቻ ሊቃና የሚችለው ግን አንዱ ነው፤ ከተከተበ በኋላ ሌሊቱን ሰውነቱ ሲግል ያደረ ልጅ። ደኅና የነበረ ሕፃን ተወግቶ ሲመለስ ካተኮሰው፣ እናቱ «መርፌው አሳመመብኝ» ብትል ምን ይፈረድባታል? ያየችውን ነው የተናገረችው። የጎደለው፣ ከመወጋቱ በፊት ይህ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ የነገራት ሰው ነው።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው። እያንዳንዱ ክትባት የራሱ ሰዓት አለው። ፔንታ አምስት በሽታዎችን ይከላከላል፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታና ሂብ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣውን የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር። ከእነዚህ ውስጥ ሰውነትን በይበልጥ የሚያግለው የትክትኩ ክፍል ነው። ትኩሳቱ የሚጀምረው በዚያው ቀን ወይም በዚያው ሌሊት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል። የተወጋው ጭን ሊያብጥና ሲነኩት ሊያመው ይችላል። ከቆዳው ሥር የምትቀር ትንሽ ጠጣር እብጠት ደግሞ ሳምንታት ቆይታ በራሷ ትጠፋለች።

የኩፍኝ ክትባት እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ ተራብቶ ትኩሳት እስኪያመጣ ጊዜ ይፈልጋል። ትኩሳት ካመጣ የሚያመጣው ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በጥቂት ልጆች ላይ ቀላል ሽፍታም ይታያል። በተከተበ በማግስቱ ያተኮሰው ልጅ ትኩሳት ከኩፍኝ ክትባቱ የመጣ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። ሲወለድ በቀኝ ክንዱ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ከሁሉም ይዘገያል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ትንሽ እባጭ ይወጣል፣ ይቆስላል፣ ይደርቅና ጠባሳ ትቶ ይድናል። ሁሉም ነገር አለፈ በተባለበት ጊዜ ቁስል ስለሚመጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ቅጠል ይለጥፋል፣ ቅቤ ይቀባል፣ አንዳንዱም ያፈርጠዋል። የሚያመረቅዘው ያኔ ነው። ቁስሉ መድኃኒት አይፈልግም፤ ንጽሕናው ተጠብቆ ሳይሸፈን መተው ብቻ ይበቃዋል።

ይህን የጊዜ ልዩነት ማወቅ ከሁለት አደጋ ያድናል። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ እናት ክትባቱን ወቅሳ ትቀራለች። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይብሳል፣ የሚመጣውም ከእኛ ከአስረጂዎቹ ነው። «ከተከተበ በኋላ ያተኩሰዋል፣ አትጨነቂ» ብለን ገደቡን ሳንነግራት እንሸኛታለን። ልጁ በአምስተኛው ቀን ወባ ሲይዘው «የክትባቱ ነው» ብላ ቤት ትጠብቃለች። በቆላና በወይና ደጋ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ያተኮሰው ልጅ ትናንት ተከተበም አልተከተበም ደሙ መመርመር አለበት። ምርመራው ጣት ተወግቶ በምትወጣ አንዲት ጠብታ ደም የሚሠራ ነው፤ ጤና ኬላ ውስጥ በሩብ ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

ስለዚህ ሽኝቱ ላይ የሚነገረው ነገር ቀኑና ገደቡ አብረው ያሉበት ይሁን፤ ለፔንታ ለምሳሌ እንዲህ፦ «እህቴ፣ ዛሬ ማታ ሰውነቱ ሊግል ይችላል። ቢበዛ እስከ ነገ ወዲያ ይለቀዋል። ከዚያ ካለፈ ወይም ከዚያ በኋላ እንደገና ካተኮሰው የክትባቱ አይደለም፣ ይዘሽው ነይ። ጡት እንቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ካለቀሰ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ።» ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ እሷ ራሷ መልሳ እንድትነግረን መጠየቅ ነው። መልሳ ስትናገር የጎደለው ወዲያው ይታያል።

ቤት ውስጥ የሚደረገውም ዝርዝር ይፈልጋል። ሲያተኩሰው ደራርቦ መጠቅለል የተለመደ ነው፤ ሙቀቱን ያብሰዋልና ልብሱን ማቅለል፣ ጡት ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ፣ 5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። የቤት ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ መለኪያው ወይም መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይሻላል። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ ምንም አይሰጥ። ያበጠው ጭን ላይ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል፤ ማሸት አያስፈልግም።

የወቅት ነገር ሲነሣ ሕዝባችን ከማንም ትምህርት አይፈልግም። በሽታ ወራት እንዳለው ያውቃል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ሰው ቀባሪ እስኪያጣ አልቋል፤ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የቀረው እሱ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ ኅዳር የሚታጠነው፣ ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። ጭሱ የትንፋሽ በሽታን አያቆምም፤ እንዲያውም ሳል ያለበትን ሕፃን ይጎዳል። ግን ቀኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ በሽታ በሚያስብበት ዕለት፣ ከመጥረጉ ጎን ለጎን «ዘጠኝ ወር ሞልቶት ለኩፍኝ ያልተከተበ ልጅ ያለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ስብሰባ ይበልጣል። ኩፍኝም ማጅራት ገትርም የሚበረቱበት ደረቁ ወራት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነውና።

የወራቱ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መጸዳጃውን ከምንጩ ጋር ያገናኛል፤ ተቅማጥና አተት ይመጣል። ውኃው ሲጎድልና ያቆረው ሲቀር ወባ ይነሣል። በጋው ሲደርቅ ማጅራት ገትር፣ ከጥር ወዲህ ደግሞ ኩፍኝ። ማስረዳት ያለብን በሽታው ሲመጣ ሳይሆን አንድ ወቅት ቀድመን ነው፤ ሰውነት ከክትባት በኋላ መከላከያውን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋልና። ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ከደነገጠ በኋላ የሚሰጥ ክትባት ብዙ ነፍስ ያድናል፤ ነገር ግን በሽታው ቀድሞ ሰውነቱ የገባ ልጅ ከተከተበ በኋላ ሲታመም ወሬው በክትባቱ ላይ ይዞራል።

ክትባት የማያደርገውንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የሳንባ ምች ክትባት፣ ፒሲቪ፣ ኒሞኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ይከላከላል እንጂ ሳልን ሁሉ አያጠፋም። ሮታ የተባለው ክትባት ከባዱን የሕፃናት ተቅማጥ ይቀንሳል፤ ከቆሸሸ ውኃ የሚመጣውን ሁሉ አያስቀርም። «ተከትቦ ለምን አሳለው?» የሚል ጥያቄ የሚመጣው አስቀድሞ ይህ ስላልተነገረ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በየመኸሩ የሚወስዱት የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም እንዲሁ ያምታታል። ቫይረሱ በየዓመቱ መልኩን ስለሚለውጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ተራውን ጉንፋን ግን አይነካም። አሜሪካ ያለች እህት «ተከትቤም ጉንፋን ያዘኝ» ብላ በስልክ ብትናገር፣ ጎጃም ያለ ወንድሟ ስለ ልጁ ፔንታ መጠራጠር አይገባውም። ሌላ ክትባት፣ ሌላ በሽታ ነው።

የሳል ነገር ከተነሣ፣ ለእናቶች ሊሰጥ ከሚችል ዕውቀት ሁሉ ከፍ አድርጌ የምመለከተው ትንፋሽ መቁጠርን ነው። ልጁ ሲረጋጋ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱ ከሆዱና ከደረቱ ይገለጥ። ሰዓት ወይም ስልክ ተይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር፤ ሆዱ ከፍ ሲል አንድ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ያሳስታል። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ 11 ወር ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይሂድ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ምች ነው ብላ ዳማከሴ የምታሸት አያት ጋር መጣላት አያስፈልግም። እሷ እያሸች ሌላው ይቁጠር። ቁጥሩ ከደረሰ መጀመሪያ «እንሂድ» የምትለው እሷ ትሆናለች።

ኩፍኝ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እንደ ኩፍኝ የሚዛመት በሽታ ጥቂት ነው፤ የታመመ ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ውስጥ ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚተላለፍ፣ «ልጆቹን ለየናቸው» ሲባል ብዙ ጊዜ አልፏል። የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር የሚሰጠው ከእናት የወረሰው መከላከያ እስከዚያ ስለሚያልቅ ነው። በዚያ ዕድሜ ከተከተቡ 100 ልጆች መከላከያ የሚይዙት 85 ያህሉ ናቸው። የቀሩትን ለመያዝ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ ይሰጣል፤ ሁለቱንም ከወሰዱ 100 ልጆች ደግሞ 95ና ከዚያ በላይ ይጠበቃሉ። ብዙ እናቶች ግን በ9 ወር «ጨረስኩ» ብለው ካርዱን ያስቀምጣሉ። ምናልባትም «ጨርሰሻል» የተባሉት ከባለሙያ ነው።

ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ «ከታመሙት የሚበዙት የተከተቡት ናቸው» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት በእህል ማሳየት ይቀላል። ቡና ተፈልቶ ሰዉ ሲቀመጥ ሰፌድ ላይ 36 ሽምብራና 4 ባቄላ ይቆጠር። ሽምብራው አንድ ጊዜ የተከተበ ልጅ፣ ባቄላው ያልተከተበ ነው። ኩፍኝ መጣ እንበል። አራቱም ባቄላዎች ታመው ወደ ዳር ይወጣሉ። ከሽምብራው ክትባቱ ያልያዘላቸው አምስት ያህሉ ይወጣሉ። ዳር ላይ አምስት ሽምብራና አራት ባቄላ አለ፤ የተከተበው በለጠ። አሁን መሃል ላይ ማን ቀረ? 31 ሽምብራ። ባቄላ የለም። ሴቶቹ ራሳቸው ቆጥረው እንዲያወጡት ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ክትባት ለምን እንዳስፈለገ ጠያቂ አይኖርም።

ኩፍኝ የያዘውን ልጅ በተመለከተ በብዙ ቦታ «መርፌ ካገኘው ይገድለዋል» ተብሎ ጨለማ ቤት ይተኛል፣ ሐኪም አያየውም። እዚህ ላይ የሚረዳው መልስ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የሚሰጠው መርፌ ሳይሆን በአፍ የሚጨመቅ ቫይታሚን ኤ ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለው ሰማያዊው ባለ 100 ሺህ ዩኒት እንክብል፣ ዓመት ለሞላው ቀዩ ባለ 200 ሺህ፣ ከ6 ወር በታች ለሆነው 50 ሺህ፤ በመጣበት ቀንና በማግስቱ ይደገማል። ዓይኑን ከመታወር፣ ነፍሱንም ከሞት የሚያተርፍ ነው። ምልክቱ እንደታየ ከቤት መምጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ቀጠሮው ላይ ደግሞ የማናስበው ነገር አለ። ፔንታ የሚሰጠው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፤ በቀን ሲቆጠር 42፣ 70 እና 98። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። አራስ እስከ ክርስትናው ከቤት በማትርቅበት አካባቢ የወንዱ ልጅ የመጀመሪያ ቀጠሮ ክርስትናው ባለፈ በሁለተኛው ቀን ይውላል፤ ይመቻል። የሴቷ ግን 80 ቀን እስኪሞላ ሁለቱ ቀጠሮዎች አልፈዋል። ስለዚህ የሴት ልጅ አራስ ጥየቃ ሲኬድ ይህን ማንሣት፣ ቄሱንም የንስሐ አባቱንም ማማከር፣ ወይም ክትባቱ ወደ ሰፈሩ የሚመጣበትን ቀን ማመቻቸት ያስፈልጋል። ቀጠሮም ሲነገር «የካቲት 17» ከማለት «የኪዳነ ምሕረት ማግስት» ማለቱ ይታወሳል። ሙስሊም ጎረቤት ጋር ከጁምዓ ወይም ከገበያ ቀን ጋር ማያያዝ ነው።

ሌላው የሚያስቀር ነገር «ዛሬ አይከፈትም፣ ሐሙስ ነይ» የሚለው ነው። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የቀረው ይደፋል። ብዙ ልጅ የሚይዘው ብልቃጥ ለአንድ ልጅ እንዳይከፈት ባለሙያው ይሳሳል። የመጣች እናት ግን ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች፤ የተደፋ ክትባት ከታመመ ልጅ ይረክሳል። ለአንድም ልጅ ቢሆን ይከፈት ባይ ነኝ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ ነው የሚቀመጠው፤ «ሙቀት ያበላሸው ነው የሚሰጡን» ለሚል ጥርጣሬ ደግሞ ምስክሩ ብልቃጡ ላይ አለ። ክቧን ምልክት ለእናቲቱ ማሳየት ነው። መሃሏ ያለችው አራት ማዕዘን ከዙሪያዋ ክብ ከነጣች ይሠራል፤ እኩል ከሆነች ወይም ከጠቆረች ይጣላል። ያልተማረችም ታነበዋለች።

የማምከን ወሬ በነፍሰ ጡሮች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም፣ ለልጃገረዶች በሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም ላይ ይነሣል። ወሬውን እየደጋገሙ «ሐሰት ነው» ማለት ያሰፋዋል። መጀመሪያ «ምን ሰማሽ? ከማን?» ብሎ መስማት፤ ከዚያ እዚያው ሰፈር ተከትባ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ልጇን የወለደችውን ሴት እንድትናገር መጋበዝ። ሽማግሌዎችም አሉ። ፈንጣጣ ፊታቸውን የጠቆጠቆጣቸው ወይም የክትባቱ ጠባሳ ክንዳቸው ላይ ያለ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ፊቱ ላይ ያ ምልክት የለም። ይህን የሚያስረዳ ሽማግሌ ከተገኘ ባለሙያው ዝም ቢል ይሻላል።

የዘገየ ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ተግሣጽ ስለምትፈራ ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አትመጣም። የወሰደው ተቆጥሮ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ በሁለት ፔንታ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ይሁን። ቀላል ሳል፣ ጉንፋን፣ ተቅማጥ ወይም ክብደት ማነስ ለመመለስ ምክንያት አይሆኑም። ካርዱ ከጠፋ መዝገቡ ላይ ይፈለግ፤ እዚያም ካልተገኘ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይሰጠው፣ ሁለት ጊዜ ቢወስድ አይጎዳውም። አዲሱ ካርድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሬት ካርታው ወይም ከጤና መድኅን ደብተሩ ጋር ይቀመጥ።